የወንፊት የመጀመሪያ መስመር

ፎቶ አንሺው ጆሮ ማዳመጫ አንገቴ ላይ እንዳደርግ ሲያዘኝ ነው ነገሩ ያልጣመኝ።

«ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ቴክኖሎጂ ቴክኖሎጂ እንዲል ነዋ!»

ማዳመጫው የሥራ ባልደረባዬ የኢያቄም ነው። እኔ ሙዚቃ እየሰማሁ አልሠራም። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት መፈተሽ፣ የት ላይ እንደሚሰበር ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጸጥታ ያስፈልገኛል። ቢሆንም አደረግሁት። በቀኜ ሩቲ ቆማለች፤ ከእኔ ሌላ በቢሮው ውስጥ ኮድ የምትጽፍ ሴት እሷ ብቻ ናት። በግራዬ ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ አሰፋሽ ላፕቶፕ ታቅፈዋል፤ «ኧረ ይሄ ነገር እንዳይወድቅብኝ» እያሉ አጥብቀው ይዘውታል። ከኋላችን ቡዜ አለች። ቡዜ ቢሮውን የምታጸዳልን ልጅ ናት፤ ሽርጧን አስወልቀው መነጽር አድርገውላታል። መነጽሩ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷም «ምንም አይታየኝም እኮ» እያለች ትስቃለች።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶው ትልቅ ባነር ሆኖ ካዛንቺስ ካለው ሕንፃችን አራተኛ ፎቅ ላይ ተንጠለጠለ። «ብዝኃነት ጥንካሬያችን ነው» ይላል። የእኔ ፊት መሀል ላይ ነው። ወያላዎቹ ሳይቀሩ አወቁኝ፤ አንዱማ «የባነሯ! ግቢ፣ ቦታ አለ!» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ይህ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ክረምት ነው። ድርጅታችን ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነበር። አንድ የውጭ ተቋም ይህንኑ ፕሮግራም በየክልሉ ላሉ ክሊኒኮች ሊያሠራን ፈለገና ሁለት ነገር ጠየቀ። ፕሮግራማችሁን በምን እንደምትፈትሹ አሳዩን። ደግሞ ሴቶች አሏችሁ ወይ፣ ካሉስ ምን ይሠራሉ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ወንፊት የሚባል የመፈተሻ ፕሮግራም ነበር። ለሁለተኛው ባነሩ።

ወንፊትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት ሊያጠፉት እንደሞከሩ ነው።

በእኛ ቢሮ ስህተት አይጻፍም፣ ይነገራል። እንዴት መሰላችሁ፤ አንድ ፈታሽ በአንድ ልጅ ኮድ ላይ ባግ የሚሉትን ስህተት ካገኘ መዝግቦ አያስቀምጥም፤ ነውር ነው። ልጁን ይዞ ምድር ቤት ወዳለው ካፌ ይወርዳል። ማኪያቶ ያዛል። እናትህ ተሻላቸው ወይ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብሎ «ምናልባት እኔ ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል እንጂ…» ብሎ የሚጀምረው። ልጁም «እሺ አየዋለሁ» ይላል፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል ተብሎ ይጓተቱና በቃ፣ ተዘጋ። ደፍሮ የጻፈ ካለ የተጻፈበት ሰው ያኮርፋል። ያኔ የሒሳብ ክፍሉ አቶ መዝገቡ ይገባሉ። አቶ መዝገቡ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ቢሮው ሁሉ የሚያፍራቸው ሰው ናቸው። ሁለቱን ያስቀምጡና «ተው እንግዲህ፣ ወንድማማች አይደላችሁም? ለእኔ ስትሉ» ይላሉ። ሰዎቹ ይታረቃሉ። ባጉ እዚያው አለ። እንዲያ ታርቆ የተላከ ፕሮግራም ክሊኒክ ሲገባ ደግሞ በሽተኛ ሲያንከራትት ይውላል።

ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። እኔ ቁጡ ነኝ፤ የቤተሰብ ነው።

ወንፊትን የጀመርኩት ድርጅቱን ሳላውቀው ነው፤ ተማሪ ሳለሁ፣ በራሴ ላፕቶፕ። ሥራው እንደ እኛ አገር ሰው ሆኖ ፕሮግራሙን ማስጨነቅ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ብሎ ቀጠሮ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ቆጥሮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከጻፈለት ያጋልጠዋል። ጳጉሜ ውስጥ ይወለዳል። ስልኩን አንዴ በዜሮ፣ አንዴ በአገር መለያ ቁጥር ጀምሮ ያስገባል። የተሰበረውን ከነጻፈው ሰው ስም በቀይ ያወጣል። ማኪያቶ አይጋብዝም፤ ይሉኝታ አያውቅም። ስቀጠር ይዤው መጣሁ፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ውጤቱን ማሳየት ጀመረ።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ለማንም ክፍት አድርጌ ለቅቄዋለሁ። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ነው፤ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ሆዱን ከፍቶ ያየዋል፣ የጎደለውን ይሞላበታል። መቀሌ የሚኖር፣ አግኝቼው የማላውቅ ሓዱሽ የሚባል ልጅ የበዓላት ቀኖችን ጨመረበት፤ ስሙን ከእኔ ስም በታች ጻፍኩለት። ሕጉ አንድ ነው፤ የሠራ ሰው ስሙ ይቀመጣል። የወንፊት የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ይህን ፕሮግራም የጻፈችው ቢፍቱ ደቻሳ ናት። ማንም በነፃ ይጠቀምበት፣ ይቀይረው፣ ቢፈልግ ይሽጠው፤ ይህን መስመር ግን አያጥፋ።»

ኢያቄምን ያስቀየመው ወንፊት ነው። ኢያቄም የቴክኒክ ኃላፊያችን ነው፤ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። የቀን መቁጠሪያውን የጻፈው እሱ ሲሆን ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ ዘግቷታል። ያ ዓመት ግን ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ነበረች። በስድስተኛው ቀን የተቀጠረ በሽተኛ በሙሉ ክሊኒክ በተዘጋበት በዕንቁጣጣሽ ሊመጣ ነው። ወንፊት በየማለዳው ይህንኑ በቀይ ያወጣል፤ ከሥሩ «የጻፈው፦ ኢያቄም»።

«በአራት ዓመት አንድ ቀን እኮ ናት! ለአንዲት ቀን ብለሽ ነው በየቀኑ የምታዋርጂኝ?» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ ወንፊት ነው።»

አቶ መዝገቡ እንደ ልማዳቸው አስቀመጡን። «ቢፍቱ ልጄ፣ ለእኔ ስትዪ ዝጊው» አሉኝ።

«አቶ መዝገቡ፣ እኔ ብዘጋው ጳጉሜ ስድስት አትቀርም» አልኳቸው።

አልዘጋሁትም። ኢያቄም እያጉረመረመ ከምሳ በኋላ ተቀምጦ አስተካከለው፤ ምሽት ሳይሆን አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰላምታው ቀዘቀዘ።

ባነሩ በተሰቀለ ሰሞን ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረሕይወት ቢሯቸው አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

«ቁጭ በይ ቢፍቱ። ከውጭው ተቋም የሚመጡት እንግዶች ወንፊትን ወደውታል። ማለቴ፣ የላክንላቸውን ማብራሪያ አይተው ነው። የድርጅቱ የራሱ የመፈተሻ መሣሪያ መሆኑ ነው ያስደሰታቸው።»

«የድርጅቱ አይደለም እኮ። ግን ይጠቀሙበት፣ ነፃ ነው።»

«መጠቀሙንማ እየተጠቀምን ነው። አንድ ነገር ብቻ… ከላይ ያለችው መስመር።»

«ስሜ?»

«እሷን እናንሳት። የግለሰብ ከሆነ አይቆጠርልንም። ከእነሱ ጋር በምናደርገው ውይይት ቀን ኢያቄም ያቀርበዋል፤ የቴክኒክ ኃላፊው ስለሆነ በእሱ ስም ይሆናል። አንቺ ደግሞ ከእሱ በኋላ ባለው መድረክ ላይ ሴቶችን ወክለሽ ትቀመጫለሽ።»

«ስለምን ነው የማወራው?»

«ስለ… ሴትነትሽ» አሉ።

እንግዶቹ የጠየቁትን ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ሰው መመለስ ይቻል ነበር። መሣሪያችን ይኸው፣ የጻፈችውም ይችው፤ ማለት ብቻ! እኚህ የተማሩ፣ አገር ያዩ ሰውዬ ግን ጠረጴዛቸው ፊት ተቀምጬ አልታየኋቸውም። መልኬን ፈልገዋል፤ ስሜን ግን አልፈለጉትም። እንዲያ የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም።

«አላነሳም» አልኳቸው።

«ከመስከረም ጀምሮ የፍተሻ ክፍሉን ለአንቺ ለመስጠት አስቤ ነበር።»

«እሱን እየሠራሁት ነው። መስመሯን አላነሳም።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሦስታችን፣ እኔ፣ ሩቲና ኢያቄም፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ሽሮ ቤት ተቀመጥን። ኢያቄም ነው የጀመረው።

«እኔ የምለው፣ ኮድ ፆታ አለው እንዴ? ቲም ነን በቃ። የግል ስም ምን ያደርጋል?»

«ምንም ካላደረገ የአንተን ለምን ትጽፉበታላችሁ?»

«እኔማ ኃላፊ ነኝ! ደሞ እውነቱን እናውራ ካልሽ፣ ሴት ባትሆኚ ባነር ላይ ትወጪ ነበር? እኛም እኮ ፊት አለን። ማንም ፎቶ ያነሳን የለም።»

«ውሰደው! ባነሩን ላንተ፣ መስመሯን ለእኔ። ተስማማን?»

አልሳቀም። ሩቲ እንጀራዋን እየቆረሰች ሳትበላ ታስቀምጣለች። ኢያቄም እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ጠብቃ ነው የተናገረችው።

«ቢፍቱ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ይገባኛል። ግን ይሄ ሥራ ከተገኘ ሁለት ሴቶች ሊቀጥሩ ነው። በጽሑፍ ቃል ገብተዋል። እኔ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር ወንዶቹ እየተያዩ ሲስቁ ብቻዬን መቀመጥ ሰልችቶኛል። በአንድ መስመር ምክንያት ይሄ ይበላሽ?»

ይህ አመመኝ። የኢያቄም ነገር ከላዬ ላይ ይንሸራተታል፤ የሩቲ ግን ገባ። እውነቷን ነው እኮ። ብቻዋን ናት፤ ሁለታችንም በየፊናችን ብቻችንን ነን።

«ሩቲ፣ የሚመጡት ሁለቱ አንድ ነገር ይሠሩ የለ?» አልኳት።

«ይሠራሉ።»

«በማን ስም?»

ኢያቄም ተመልሶ መጣ፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል ተብሎ እንኳ ሳንጓተት ሁላችንም የየራሳችንን ከፈልን።

ውይይቱ የተካሄደው እዚያው ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ባነሩን ከሕንፃው አውርደው መድረኩ ጀርባ ሰቅለውታል፤ ከራሴ ግዙፍ ፊት ሥር ተቀመጥኩ። ኢያቄም ኮቱን ለብሶ ወንፊትን አቀረበ። ፕሮጀክተሩ በርቶ ኮዱ ግድግዳው ላይ ሲመጣ ዓይኔ ቀጥታ ወደ ላይ ሄደ። «ይህን ፕሮግራም ያዘጋጀው የድርጅቱ ቴክኒክ ክፍል ነው። ኃላፊ፦ ኢያቄም» ይላል። የሓዱሽንም ስም አጥፍተውታል። መቀሌ ተቀምጦ በነፃ የሠራ ልጅ ምን አደረጋቸው?

አቀራረቡ መልካም ነበር፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ትሁት ሴት፣ ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ «ሴት መሆንሽ ለፍተሻ ሥራ ምን ጨመረለት?»

«ምንም» አልኳት።

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ብጤ ተሰማ። ቀልድ መስሏቸዋል።

«ምንም አልጨመረለትም። የጨመርኩለት ፕሮግራም ነው። አሁን ያያችሁትን ወንፊትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከኋላዬ ያለው ፊት የእኔ ነው፤ ከኮዱ ላይ የጠፋው ስምም የእኔ ነው። ሓዱሽ የሚባል ሌላ ሰውም አለ፣ የእሱም ጠፍቷል። ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው፤ ስልካችሁን አውጡና እዩት።»

ጭብጨባ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፤ አልነበረም። አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። ሩቲ ጫማዋን ታያለች። አቶ ገብረሕይወት ብድግ ብለው «ልጆቻችን እርስ በርሳቸው መፎካከር ይወዳሉ» አሉና ወደ ሻይ ዕረፍት ጋበዙ። ሰዉ ሳምቡሳው ጋ ተሰለፈ። ያቺ ሴት ግን ከወንበሯ ሳትነሳ ስልኳን ስትነካካ አየኋት።

በሚቀጥለው ቀን ከተቋሙ መልእክት መጣ። በአጭሩ፣ የዚህ ፕሮግራም ባለቤት ማን እንደሆነ ልጅቷ ራሷ ሰኞ መጥታ ትንገረን የሚል ነው። አቶ ገብረሕይወት «እስከዚያ ዕረፍት ውሰጂ» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ቢሮው ውስጥ ማንም አላናገረኝም፤ ወይዘሮ አሰፋሽ ብቻ ደረጃው ላይ ይዘውኝ «ምነው ልጄ፣ በሁላችን እንጀራ ገባሽ እኮ» አሉኝ። ቄራ ወዳለው ቤታችን እስክደርስ ድረስ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን ሐሳቤን ለመቀየር አይደለም።

እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። እማዬ ከፈተችና ወዲያው እየሮጠች ተመለሰች።

«ሽማግሌዎች!» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ጉንጮቿን ይዛ። «ምነው ቢፍቱ፣ ለእናትሽ እንኳ ሳትነግሪ!»

በመስኮት አየሁ። አቶ መዝገቡ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ የድርጅቱ ሾፌር ጋሽ ፈየራ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከላንቻ፣ ከአቶ መዝገቡ ሰፈር የመጡ፣ ከዘራ የያዙ አይቻቸው የማላውቅ አዛውንት ናቸው። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወላጅ ቤት ሽማግሌ ተላከብኝ! ድርጅቱ በስንት ዘመናዊ ቋንቋ ሲያወራ ከርሞ፣ ነገር ሲጠብቅበት የሚያውቀው መፍትሔ ይኸው ነው። መሳቅም መጮህም አማረኝ።

እማዬ የሶፋውን ልብስ እየጎተተች አስተካከለች፤ ለስላሳ የሚገዛ ሰው ትፈልጋለች፤ ነጠላዋን ሁለቴ አጣፋች። አባዬ ከጓዳ ወጣ። አባዬ ቄራ ልኳንዳ አለው፤ ትከሻው በር ይሞላል፤ ቃሉ ግን ጥቂት ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለ።

«ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ መዝገቡ። እንደ ደንቡ ነው።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁ ማነው? የማን ልጅ ነው?»

«የትኛው ልጅ?»

«የሚያገባት ነዋ!»

ጋሽ ፈየራ ሳቃቸው አመለጣቸውና በባርኔጣቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ መዝገቡ ደነገጡ። «ኧረ በፍጹም፣ አቶ ደቻሳ! ለጋብቻ አይደለም፣ ለሥራ ጉዳይ ነው።»

«ለሥራ ሽማግሌ ይላካል?» አለ አባዬ። እማዬ ሶፋው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

አቶ መዝገቡ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው አስረዱ። ልጅዎ ጎበዝ ናት። ድርጅቱ እንደ ቤተሰብ ነው። ስንት ሰው ልጆቹን የሚያሳድግበት ሥራ አደጋ ላይ ወድቋል። የምንለምነው ቀላል ነገር ነው፤ አንድ የሠራችው ሥራ ላይ ስሟ አለ፣ እሱን ትተወውና ነገ ለእንግዶቹ የድርጅቱ ነው ትበላቸው። ከዚያ ሁሉም ይቅር ይባባላል።

«ስሟ?» አለ አባዬ። «ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

ላፕቶፔን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩለት። የመጀመሪያውን መስመር በጣቴ አሳየሁት። መነጽሩን ፈልጎ አደረገና እየተጠነቀቀ አነበበ። ቢፍቱ ደቻሳ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና አነበበው።

«ይሄን የሚያየው ማነው?» አለኝ።

«የፈለገ ሁሉ፣ አባዬ። መቀሌም፣ ናይሮቢም የሚጠቀሙበት አሉ።»

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ወደ ሽማግሌዎቹ ሲዞር ፊቱ ላይ ያየሁትን ቁጣ አውቀዋለሁ፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

«እዚህ ላይ የእኔም ስም አለ። እኔ ስሜ የተጻፈው ልኳንዳዬ በር ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ይቺ ልጅ እዚህ አድርሳዋለች። አጥፉት ልትሉኝ ነው ቤቴ የመጣችሁት?»

«አቶ ደቻሳ፣ እባክዎን…»

«እኔን አይለምኑኝ። ሥራው የእሷ ነው። እሷን ይጠይቋት» ብሎ ተቀመጠና እጁን አጣጠፈ።

ሽማግሌ ፊት ልጅ አትናገርም፤ ሴት ልጅ ደግሞ ጭራሽ። ስለ እሷ ይነገራል እንጂ። እማዬ በዓይኗ ለመነችኝ። አቶ መዝገቡ እኔን ሳይሆን ወለሉን ያያሉ፤ እሳቸውም አፍረው ነበር። ቆሜ ተናገርኩ።

«አቶ መዝገቡ፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ። ጋሽ ፈየራ፣ እርስዎንም። እኔ ወንፊትን ከማንም አልደበቅሁም። ዛሬም ይውሰዱት፣ ነገም ይሥሩበት። ድርጅቱ ቢያባርረኝ እንኳ ይጠቀምበት፤ ልከለክለው አልችልም፣ አልፈልግምም። ሰኞ ለእንግዶቹ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ሥራውን ለድርጅቱ ስጡት፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው እላቸዋለሁ። ሁለቱን ሴቶችም ቅጠሩ እላለሁ። የጻፈው ማነው ካሉኝ ግን እኔ ነኝ። አንድም ቃል አልቀንስም።»

«እንቢ ነው ማለት ነው?» አሉ አቶ መዝገቡ ቀስ ብለው።

«እንቢ ነው።»

ባለ ከዘራው አዛውንት ወደ አቶ መዝገቡ ዘንበል አሉና ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ «መዝገቡ፣ ሥራው የልጅቷ ከሆነ እኛ ምን ልንሆን መጣን?» አሉ። አቶ መዝገቡ ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ደህና ዋሉ» አሉና ለስላሳውም ሳይቀመስ፣ ሳይቀመጡ ወጡ። ጋሽ ፈየራ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ጠቀሱኝ።

እስከ ውጭው በር ሸኘናቸው። ሰኞ ከእንግዶቹ ጋር ተነጋግሬ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ሰው ላገኝ እንደምችል አውቅ ነበር። መንገዱ ላይ ጎረቤቶቻችን ጋቢውን፣ ባርኔጣውንና ከዘራውን ሲያዩ ከየበራቸው ወጥተው ቆመዋል። ከፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ መብርሂት አላስቻላቸውም።

«ደቻሳ! ሽማግሌ ገብቶላችኋል አሉ! ሰጣችሁ እንዴ?»

አባዬ አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው። ወደ እኔ ዞረና በአገጩ ተናገሪ አለኝ።

«አልሰጠሁም!» አልኩ፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲሰማ።